የሚከራይ፦ የሟች እናታችን ቤት

ወይዘሮ ካሊዮፒ መሞታቸውን የሰሙት እሁድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በጎረቤታቸው በፎፊ ወጥ ቤት ተቀምጠው ብስኩት ቡና ውስጥ እየነከሩ ሳለ ነው። ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል ስለተባለ ለመደንገጥም ትንሽ የረፈደ ነገር ነበር።

ፎፊ ወሬውን ያመጣችው በክፋት አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት መስኮት ኋላ ተቀምጣ የሌላ ሰው ደብዳቤ ላይ ማኅተም ስትመታ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ትዳር ያልያዘች፣ ስልኳን ከእጇ የማትለይ የስድሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት። ባለፈው የገና ሰሞን ጨጓራዋን ክፉኛ ሲያማት፣ ከዳንኩ ፍልሰታን ፍጥሞ ደሴት ሄጄ፣ ወንጌላዊው ዮሐንስ ራእዩን ባየበት ዋሻ ጧፍ አበራለሁ ብላ ተሳለች። ጨጓራዋ ዳነ፤ ዕቅዱ ግን አልድን አላት። መርከቡ ከፒሬዎስ በየትኛው ቀን ሲነሣ ይረክሳል፣ የቱ ማረፊያ ደረጃ ይበዛበታል፣ የቱ ሰፈር የወጣት ጭፈራ አለበት ስትል ስድስት ወር ሙሉ አጠናች። በእኛ ከተማ በአቴና የነሐሴ ዕረፍት እንደ ሠርግ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ይወራል፣ ዓመቱን ሙሉ ይጣሉበታል፣ ሲደርስ የሚደሰተው ደጋሹ ሳይሆን ሳይጠራ የመጣው ነው።

«እትዬ ካሊዮፒ፣ እርስዎ የአገሩ ተወላጅ ነዎት፤ እስቲ ይኸን ቤት ይዩልኝ» አለች ስልኩን እያስጠጋች። «ላይኛው ከተማ፣ ገዳሙ ሥር ነው። ጽሑፉንማ ላንብብልዎ፤ አንጀት ይበላል። "የመርከብ አዛዦች ሦስት መቶ ዓመት የኖሩበት ቤት። ከሦስት ዓመት በፊት ያረፈችው ሟች እናታችን እስከ መጨረሻዋ እስትንፋስ ከዚህ አልተለየችም። መጋረጃው የእጇ ሥራ ነው፤ በየክፍሉ መንፈሷ ይሰማችኋል። ባሕሩን እያየች በሰላም ባረፈችበት አልጋ ላይ እናንተም በሰላም ታርፋላችሁ።" ውይ! ነፍሷን ይማር።»

«አሜን» አሉ ወይዘሮ ካሊዮፒ፤ ልማድ ነው።

ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶዎቹን ማየት ጀመሩ። አልጋው የራሳቸው ነው፤ ተድረው የገቡበት፣ ሁለት ልጅ ወልደው አንዱን ያጡበት። መጋረጃውም የራሳቸው ነው፤ ታችኛው ጠርዝ ላይ ስልችት ሲላቸው የዘለሉት አንድ አበባ እንኳ ጎድሎ ይታያል። የመርከብ አዛዥ የተባሉት አባታቸው በቅሎ ነጂ ነበሩ። የእንግዳ ሻንጣ ከወደብ ወደ ላይ ሲያመላልሱ ዕድሜያቸውን ጨረሱ እንጂ ባሕር ላይ የወጡት ጥርሳቸውን ለማስነቀል ሌሮስ ደሴት ሲሄዱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱኑም እያስመለሳቸው። በቅሎዎቹ ያድሩበት የነበረው ምድር ቤት ኖራ ተቀብቶ፣ ነጭ ሶፋ ገብቶበት «የአዛዡ የንባብ ክፍል» ተብሏል። ከሁሉ የሚገርመው ግን ጣሪያው ነው። በፎቶው ላይ ጣሪያ አለ።

ጣሪያ መኖሩ የሚገርመው ልጃቸው ቴዎሎጎስ ወድቋል ስላላቸው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጣሪያው ሲወድቅ ኖሯል። በመጀመሪያው ዓመት ማገሩ በስብሶ ነበር፤ በሁለተኛው አናጺው ወገቡን ታመመ፤ በሦስተኛው የአሮጌ ቤት ማደሻ ፈቃድ ዘገየ። ወይዘሮ ካሊዮፒም ነሐሴ በመጣ ቁጥር አቴና ላይ፣ ኪፕሴሊ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ፊት ለፊት ያለውን የጎረቤት የልብስ ማስጫ እያዩ ፍልሰታን ይጾማሉ። ለፎፊም ለቤተ ክርስቲያኑ ሴቶችም «ልጄ ጣሪያውን እያሠራልኝ ነው፤ እንዲህ ያለ ልጅ የት ይገኛል» ሲሉ ከርመዋል። አሁን «ይኸ እኮ የኔ ቤት ነው» ቢሉ፣ ቀጥሎ «ታዲያ ማን ገደልዎ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የልጅ ገመና የእናት ገመና ነውና ብስኩታቸውን ዋጡ።

«ስንት ነው ይላል?»

«ላንድ አዳር ሁለት መቶ ሰማንያ ዩሮ። ለሁለት ሰው ነው። ብቻዬን አልችለውም፤ እህቴን ብጠይቃት ባሏን ትታ አትመጣም።»

«ያዢው» አሉ ወይዘሮ ካሊዮፒ። «አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ፎፊ በደስታ ጉንጫቸውን ሳመች። ወይዘሮ ካሊዮፒ የራሳቸውን አልጋ ግማሽ ለመከራየት ለምን እንደቸኮሉ ለራሳቸውም ግልጽ አልነበረም። ለቀብራቸው ያስቀመጧት ጥሪት ነበረቻቸው፤ ሰው ከሞተ ሦስት ዓመት ካለፈው ደግሞ እንዲህ ያለ ገንዘብ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ አግባብ አይደለም። ፎፊ ከነሐሴ አሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሰባት ብላ ላከች። «ጥያቄዎ ለባለቤቱ ደርሷል፤ በቅርቡ ይመልሳል» የሚል መልስ መጣ። ባለቤቱ በዚያ ሰዓት እናቱን ለምሳ እየጠበቀ ነበር።

ቴዎሎጎስ ኔያ ስሚርኒ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖረው። ወይዘሮ ካሊዮፒ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ወትሮው ኬክ ቤት ጎራ ብለው የአሥራ ስድስት ዩሮ ጣፋጭ ገዙ፤ ባዶ እጅ ይዞ የልጅ ቤት መሄድ ለሕያውም ለሙትም ነውር ነው። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ልጅ ቦታ ለቀቀችላቸው። ሣጥኑን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሲደርሱ ምን እንደሚሉ አሰቡ። አንደኛው አሳብ ጣፋጩን ፊቱ ላይ መድፋት ነበር፤ አሥራ ስድስት ዩሮ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ተዉት። ሁለተኛው ማልቀስ ነበር፤ እሱም ልጃቸው በለቅሶ ጊዜ ስልኩን የማየት ጠባይ ስላለበት አልረባም። ሦስተኛውን ሳያገኙ ደረሱ።

ቴዎሎጎስ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ኢንሹራንስ ይሸጣል፤ የሰው ቤት እንዳይቃጠል ሲሰጋ ይውላል። እናቱን ግንባራቸውን ሳማቸው። ሚስቱ ዛኔታ ጣፋጩን ተቀብላ «ምን አስቸገረዎ እማማ» ብላ ቀድሞ ፍሪጅ ውስጥ ካስገባችው ሌላ ጣፋጭ አጠገብ አስቀመጠችው። ሳሎኑ ካለፈው ጊዜ ወዲህ ተለውጧል። ሶፋው አዲስ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ግድግዳውን ሊውጥ ምንም አልቀረውም፤ መስኮቱ ላይ በሁለት ወገን የሚነፍስ ማቀዝቀዣ ተሰቅሏል። ወይዘሮ ካሊዮፒ ሶፋውን በመዳፋቸው ደባበሱት። አልጋቸው በነሐሴ ስንት ሌሊት ሠርቶ እንዳመጣው ለማወቅ ያህል ነው። ዶሮ በድንች፣ ሰላጣ፣ አይብ ቀረበ። የበዓል ያህል ነበር፤ እንዲህ ሲሆን ደግሞ የሚነገር ነገር አለ ማለት ነው።

«እማ፣ ዘንድሮ አስበንልሻል» አለ ቴዎሎጎስ የዶሮውን ጭን ሳህናቸው ላይ እያኖረ። «ኤዲፕሶስ። ፍል ውሃው። አሥር ቀን፣ ቁርስና እራት ያለው። ከጡረተኞች ጋር በአውቶቡስ ነው፤ ጨዋታም አይጠፋሽም።»

«ለጉልበትዎ ብለን ነው እማማ» አለች ዛኔታ።

«እናንተስ ወዴት ናችሁ?»

«ናክሶስ ነን» አለች ዛኔታ። «ቱሪስት ያልበዛበት የባሕር ዳር በስንት ፍለጋ አገኘሁ። ሰው ሁሉ ቤቱን ለእንግዳ እያከራየ ደሴቱን ሁሉ አበላሸው እኮ፤ የአገሬው ሰው መግቢያ አጣ።»

ወይዘሮ ካሊዮፒ ጨውን አቀበሏት። ከዚያ ከዶሮው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣

«ጣሪያውስ?» አሉ።

«ያው ነው። ፈቃዱ አልመጣም።»

«ዝናቡ አልጋውን አልጎዳውም ይሆን?»

«ሸፍነነዋል እማ። በላስቲክ።»

«እግዜር ይስጥህ» አሉ። እንዲህ አንድም ነገር ሳይደናቀፍ፣ ዓይኑ ሳይርገበገብ፣ ዳቦውን ወጥ እያስነካ መዋሸቱን ሲያዩ ከንዴቱ ጋር አንድ ዓይነት አድናቆትም መጣባቸው። አባቱ አንዲት ነጠላ ውሸት ለመዋሸት ግማሽ ቀን ያልበው ነበር።

የቴዎሎጎስ ስልክ ጮኸ። አየት አደረገና ፊቱ በራ። «ሥራ ነው» አለ ለእናቱ፤ ወደ ሚስቱ ዘንበል ብሎ ግን «ፍልሰታ ሞላ፤ ሁለት ባልቴቶች ናቸው» አላት። ዛኔታም «ባልቴት ጥሩ ነው፤ ዕቃ አይሰብርም፤ ተቀበል» አለችው። ጻፈ። ወይዘሮ ካሊዮፒ አሻግረው ሲያዩ ልጃቸው እየጻፈ ፈገግ ይላል። ኋላ ፎፊ ስታሳያቸው እንዳነበቡት፣ «ክብርት ወይዘሮ፣ በሙሉ ልባችን እንቀበልዎታለን፤ ማንኛውም ነገር ቢያስፈልግዎ በማንኛውም ሰዓት ይደውሉልኝ» ነበር ያለው። ባለፈው ወር ውሃ ማሞቂያቸው ተበላሽቶ ሲደውሉለት «እማ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ» ብሎ የዘጋው ይኸው ሰው ነው።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሁን ፈገግታው ጠፋ። ሁለቱ ጭንቅላታቸውን አገናኝተው ተንሾካሾኩ። የወይዘሮ ካሊዮፒ ጆሮ ከጉልበታቸው በብዙ ይሻላል።

«ስሟን ትጠይቃለች።»

«የማንን ስም?»

«የ... የሟቿን። ዋሻው ጋ ጧፍ ላብራላት፣ በጸሎትም ላስጠራት ትላለች። በምን ታማ ነው የሞተችው ትላለች ደግሞ።»

«ማሪያ በላት። ሰው ሁሉ ማሪያ ነው። በሽታውን ተወው።»

ቴዎሎጎስ አውራ ጣቱን ስልኩ ላይ አንዣበበ። ወይዘሮ ካሊዮፒ ሹካቸውን አስቀመጡ፤ አፋቸውን በወረቀቱ ጠረጉ።

«ካሊዮፒ በላት» አሉ። «ጧፉ ለሌላ ሰው እንዳይበራ።»

ዛኔታ የሳህኑን ክምር ወደ ራሷ ሳበች። ቴዎሎጎስ መጀመሪያ ቀይ ሆነ፣ ቀጥሎ ነጭ ሆነ፣ በመጨረሻ ኢንሹራንስ ሻጭ ሆነ።

«እማ፣ አንቺን ማለታችን እኮ አይደለም። ገበያ ነው። በመጀመሪያው ዓመት "ውብ ቤት፣ ባሕር የሚያይ" ብለን አወጣነው፤ ሦስት ሰው መጣ። ዛኔታ ያቺን አንድ ቃል ብትጨምር በሳምንቱ እስከ ጥቅምት ሞላ። ሰው ታሪክ ይፈልጋል።»

«በሕይወት ያለች እናት ታሪክ የላትም?»

«አላት። ግን ሰው ይፈራል። ድንገት ትመጣ ይሆን ብሎ ይፈራል።»

«ሥቃይ አላበዛንብዎትም እማማ» አለች ዛኔታ ቶሎ ብላ። «በሰላም አረፈች ነው ያልነው።»

ወይዘሮ ካሊዮፒ ይኸንንም ሰሙ። «አንቱላስ?» አሉ። አንቱላ የቤቱ ቁልፍ ያላት የደሴት ጎረቤታቸው ናት፤ አብረው ያደጉ። «አንቱላ በየሳምንቱ አንሶላ ስትቀይር ካሊዮፒስ የት ቀረች አላለችም?»

ቴዎሎጎስ ከምሳው ሁሉ ይኼኛው ከበደው። «መርሳት ጀምራለች አልኳት» አለ። «ጉዞ አትችልም፤ ስለ ቤቱም አታንሺባት፣ ትረበሻለች አልኳት።»

ያኔ ነው ነገሩ የገባቸው። አንቱላ ከሁለት ዓመት ወዲህ በስልክ ስታገኛቸው «ካሊዮፒ! እኔ! አንቱላ! ነኝ! ዛሬ! ማክሰኞ! ነው!» እያለች እንደ ሕፃን ቃል በቃል ትጮኽባቸዋለች። ወይዘሮ ካሊዮፒ ምስኪን ጆሮዋ ደንቁሯል ብለው አዝነው፣ እሳቸውም እየጮኹ ይመልሱላት ነበር። ሁለት ጤነኛ ሴቶች በኤጂያን ባሕር ላይ ሁለት ዓመት ተጯጯኹ። መሞታቸውን ተሳልቀውበት ሊያልፉት የነበሩት ሴት በዚህኛው እንባቸው መጣ፤ ግን ወረቀቱን ዓይናቸው ላይ ጫን አድርገው መለሱት።

«እንግዲያው» አሉ፣ «ለእንግዳ ሞቻለሁ፤ ለአገሬ ሰው ጃጅቻለሁ፤ ለኔ ደግሞ ጣሪያዬ ወድቋል። ሦስት ቦታ መዋሸት አልደከመህም?»

ዛኔታ መፍትሔ አመጣች፤ ሴትዮዋ መፍትሔ አያጥራትም። እማማ ከፈለጉ ለምን አይሄዱም? ምድር ቤት አልጋ ይገባል። እንግዶቹ ሲጠይቁ «የሟቿ እህት ነኝ» ይበሉ። ቁርስም ሊሠሩላቸው ይችላሉ፤ እንግዳ የአገር ቤት እንቁላል ይወዳል።

«እህቴ ማን ትባላለች?»

«ማሪያ» አለ ቴዎሎጎስ ሳያስበው።

ወይዘሮ ካሊዮፒ ሣቁ። ሣቃቸው ለሁለቱም ከለቅሶ የባሰ ሆነባቸው። ከዚያ ቦርሳቸውን ከወንበሩ ጀርባ አንሥተው ክንዳቸው ላይ አንጠለጠሉና እንደ ቆሙ ተናገሩ። «ቤቱን ያወረስኩህ ዕለት ውል አዋዋዩ ሁለት ጊዜ አነበበልን። ቤቱ የልጁ ነው፤ የመኖርና የመጠቀም መብቱ እሷ እስክትሞት የእሷ ነው ይላል። እስክትሞት። ለዚህ ነው የቸኮልከው? ነገ ውል አዋዋዩ ዘንድ ሄጄ ሞቼ እንደሆነ ልጠይቀው?»

ቴዎሎጎስ ስልኩን አነሣ። እናቱ አጠገቡ ቆመው ሲያጽፉት፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለ የቤት ሥራውን ሲያሠሩት እንደ ነበረው ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ጻፈ። «ጻፍ። እናታችን በሕይወት አለች። የበቅሎ ነጂ ልጅ ናት። ከነሐሴ አንድ እስከ ሃያ በቤቷ ናት።»

«እንግዶችን በደስታ ትቀበላለች እንበል?» አለች ዛኔታ በቀጭን ድምፅ።

«ደስታውን ተዪው። ሲመጡ እናያለን።»

«ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሰባት ሁለት ባልቴቶች ይዘውታል እማ» አለ ቴዎሎጎስ። «አሁን ብሰርዝባቸው እኔ ነኝ የምቀጣው።»

«ይምጡ» አሉ ወይዘሮ ካሊዮፒ። «ባልቴት አይከብደኝም።»

በመኪናው አደረሳቸው። ከኔያ ስሚርኒ እስከ ኪፕሴሊ ድረስ እሱ የትራፊክ መብራቱን፣ እሳቸው የሱቁን ሁሉ መዝጊያ ያያሉ። ደጃፋቸው ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «እማ፣ ጣሪያው መጀመሪያ ላይ እውነት ያፈስ ነበር» አለ። «የቱ ጥግ?» አሉት። «ከአልጋሽ በላይ ያለው። ባልዲ አድርጌበት ነበር።» ወይዘሮ ካሊዮፒ አመኑት። ውሸት ሲጀምር ትንሽ እውነት ላይ እንደሚቀመጥ ያውቃሉ፤ ብዙ ዓመት ሚስት ነበሩ። ጉንጩን ነካ አድርገውት ወረዱ።

ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ከመዘርጋታቸው በሩ ተንኳኳ። ፎፊ ናት፤ ስልኳን እንደ ሌባ አንገት አንቃ ይዛዋለች።

«እትዬ ካሊዮፒ፣ ጉድ ሆንን! ሴትዮዋ አልሞተችም!»

«የቷ ሴትዮ?»

«የቤቱ ሴትዮ! ማስታወቂያው ተቀይሮ መጣልኝ። በሕይወት አለች፣ በቤቷ ናት ይላል። ደግሞ የበቅሎ ነጂ ልጅ ሆና ቁጭ! ሰረዝኩት፤ ምን አባታቸው!»

«ለምን ትሰርዢዋለሽ?»

«እንዴ! የማላውቃት አሮጊት ስትንጎራደድ ልደር? ጨው በዛ፣ መብራት አጥፊ፣ በር ቀስ ብለሽ ዝጊ ስትለኝ? ሟች ሆና ሳለች እንዴት ደስ ትል ነበር። ጧፏን አበራላታለሁ፣ እሷም አትናገረኝ። ሰው እንዴት ከሞተ በኋላ ይመለሳል? ነውር አይደለም?»

ወይዘሮ ካሊዮፒ ወንበር ሳቡላት። ልጃቸውን እስከ ዛሬ በሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ሲያመሰግኑት የኖሩት ሁሉ ባንድ ጊዜ ከላያቸው ሊወርድ ነው፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ሕንጻው ሁሉ ይሰማዋል። ግን ደክሟቸው ነበር፤ መሸፋፈን ከመናገር ይልቅ ያደክማል።

«ፎፊ፣ አሮጊቷ እኔ ነኝ» አሉ።

ፎፊ ስልኩን አየች፤ ወይዘሮ ካሊዮፒን አየች። አልጋው ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ ሟች የሚለው የነበረበት ቦታ ላይ ጣቷን አስሄደች። ይህን ያደረገውን እግዜር ይንሣው ልትል አፏን ከፈተችና የሴትዮዋ ልጅ መሆኑ ትዝ ሲላት ከደነችው።

«ያለ ኪራይ ነው የምትመጪው» አሉ ወይዘሮ ካሊዮፒ። «ፍልሰታን አብረን እንጾማለን። ዋሻው ድረስ አደርስሻለሁ፤ መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ሌላ አልጋ ግን የለም። ያው አንዱ ነው፤ ለሁለት ይበቃል።»

ፎፊ አሰበችበት። ሠላሳ አንድ ዓመት የፖስታውን ፊትም ጀርባም ሳታይ ማኅተም መትታ አታውቅም።

«እትዬ» አለች፣ «ያንኮራፋሉ እንዴ?»

«በጣም» አሉ ወይዘሮ ካሊዮፒ። «ወደቡ ድረስ ይሰማል።»